ኅትመታቸው የተቋረጠ የኢትዮጵያ ጋዜጦች

ኅትመታቸው የተቋረጠ የኢትዮጵያ ጋዜጦች ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ በኢትዮጵያ ታትመው ዛሬ የማይወጡ የመንግሥት፣ የፓርቲ፣ የሚሲዮንና የግል ጋዜጦች ናቸው። አብዛኞቹ የቆሙት በተራርቀው ሳይሆን በአንድ ሰሞን ተያይዘው ነው። የፖለቲካው ሁኔታ በተለወጠ ወይም በተናጋ ቁጥር ጋዜጦች በቡድን ተዘግተዋል፤ ቆይቶም ሌሎች ተተክተዋል። ከመቶ ዓመት በላይ በሆነው የአገሪቱ የጋዜጣ ታሪክ ውስጥ በ1933 ዓ.ም. እንደተመሠረተው እንደ አዲስ ዘመን ረጅም ዕድሜ ያገኙት ጥቂት የሆኑትም በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ ጋዜጦች

የመጀመሪያው የአማርኛ ጋዜጣ አእምሮ ነው። በ1890ዎቹ አጋማሽ አንድሬያስ ካቫዲያስ የተባለ በአዲስ አበባ ይኖር የነበረ ግሪካዊ የጀመረው ሲሆን፣ ስሙን ያወጡለት ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ናቸው። መጀመሪያ ላይ በእጅ እየተጻፈ ለጥቂት የቤተ መንግሥት ሰዎች ይታደል ነበር፤ በኋላ በማተሚያ መሣሪያ መታተም ጀመረ። ሥራው አንዴ እየተቋረጠ አንዴ እየቀጠለ ቆይቶ በመጨረሻ ቀርቷል። በዚያው ዘመን በሐረር የነበሩ የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ለ ስመር ዴቲዮፒ የተባለውን የፈረንሳይኛ ጋዜጣ ያወጡ ነበር። ከ1905 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ለ ኩሪዬ ዴቲዮፒ በአዲስ አበባ በፈረንሳይኛ ይታተም ጀመር።

ከጦርነቱ በፊት ከነበሩት የአማርኛ ጋዜጦች ዋነኛው በአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ድጋፍ በታኅሣሥ 1917 ዓ.ም. መውጣት የጀመረው ብርሃንና ሰላም ነው። በየሳምንቱ ሐሙስ ይወጣ የነበረው ይህ ጋዜጣ አዘጋጁ ገብረ ክርስቶስ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። በገጾቹ ላይ ስለ ትምህርት መስፋፋት፣ ስለ አስተዳደር መሻሻልና ስለ ውጭ አገር ሥልጣኔ የሚጽፉ የዘመኑ ምሁራን ሐሳባቸውን ይለዋወጡ ስለነበር፣ ያን ጊዜ የሚያጠኑ የታሪክ ጸሐፊዎች ዛሬም ይጠቀሙበታል።

ወረራና ነፃነት (1928–1933)

የጣሊያን ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ብርሃንና ሰላምና ለ ኩሪዬ ዴቲዮፒ ቆሙ። በምትካቸው ወራሪው የራሱን ጋዜጦች አወጣ፤ ከነዚህ ውስጥ በጣሊያንኛ ኮሪዬሬ ዴል ኢምፔሮ፣ በአማርኛ ደግሞ የቄሣር መንግሥት መልእክተኛ ይገኙበታል። እነዚህም በተራቸው ጣሊያን ሲሸነፍ አበቃላቸው።

በነፃነቱ ዘመቻ ወቅት ባንዲራችን የተባለ ጋዜጣ በእንግሊዞች የፕሮፓጋንዳ ክፍል እየተዘጋጀ ለአርበኞችና ለሕዝቡ ይሠራጭ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ ዘመን ተመሠረተ። በቀጣዮቹ ዓመታት ከወጡት ውስጥ ሰንደቅ ዓላማችን፣ የኢትዮጵያ ድምፅና የዛሬይቱ ኢትዮጵያ ዛሬ የሉም።

የደርግ ዘመን (1967–1983)

በ1966 ዓ.ም. አብዮት ዋዜማና ማግሥት የተማሪውና የምሁራኑ ክርክር ከመንግሥት ጋዜጦች ውጭ ወደሚባዙ ጽሑፎች ተሻገረ። ዴሞክራሲያ የኢሕአፓ፣ የሰፊው ሕዝብ ድምፅ ደግሞ የመኢሶን ልሳን ነበሩ። ሁለቱ ድርጅቶች የሶሻሊዝምን መንገድ በተመለከተ በእነዚህ ገጾች ላይ የተከራከሩት ክርክር በኋላ ወደ ደም መፋሰስ አመራ። በቀይ ሽብር ዓመታት እንዲህ ያለ ጽሑፍ ይዞ መገኘት ለሞት የሚያበቃ ወንጀል ስለነበር ብዙ ሰው ያለውን አቃጥሏል ወይም ቀብሯል።

ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ ሠርቶ አደር የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ አደራጅ ኮሚሽን (ኢሠፓአኮ)፣ ከ1977 ዓ.ም. በኋላም የፓርቲው የኢሠፓ ልሳን ሆኖ ይወጣ ነበር። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ኢሠፓ ከሥልጣን ሲወገድ ጋዜጣውም አብሮ ቀረ።

የግል ፕሬስ መስፋፋትና የ1998 ዓ.ም. መዘጋት

በጥቅምት 1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 34/1985 ቅድመ ምርመራን አስቀረ። ከዚያ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በርካታ የግል ጋዜጦችና መጽሔቶች ጎዳናውን ሞሉት። ከነዚህ ውስጥ ኢትዮጲስ፣ ጦቢያ፣ ጦማር፣ ሩሕ፣ ልሳነ ሕዝብና ኡርጂ ይጠቀሳሉ። በጦቢያ ላይ ይጽፉ ከነበሩት ስመ ጥር ጋዜጠኞች አንዱ ሙሉጌታ ሉሌ ነበር። የኦሮሞን ጉዳይ በሰፊው ይዘግብ የነበረው ኡርጂ በ1990 ዓ.ም. አዘጋጆቹ ከታሰሩ በኋላ ተቋረጠ።

ትልቁ መዘጋት የመጣው ከግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ ነው። የምርጫው ውጤት ባስነሣው ውዝግብና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈጠረው ግጭት ሰዎች ሲሞቱ፣ የተቃዋሚ ፓርቲ መሪዎችና ጋዜጠኞች አብረው ታሰሩ። አስኳል፣ ሳተናውና ሚኒሊክ የተባሉት የሰርካለም አሳታሚ ድርጅት ጋዜጦች ከተዘጉት መካከል ናቸው። አሳታሚዋ ሰርካለም ፋሲል ልጇን የወለደችው በእስር ላይ እያለች ነው። መንግሥት ጋዜጦቹ ሁከት አነሣሥተዋል ሲል ከሰሰ፤ የጋዜጠኞች መብት ተሟጋቾች ደግሞ ክሱ ተቺ ድምፆችን ዝም ለማሰኘት የታለመ ነው አሉ። በ1999 ዓ.ም. አብዛኞቹ እስረኞች በነፃ ወይም በይቅርታ ቢለቀቁም በአሳታሚ ድርጅቶች ላይ የገንዘብ ቅጣት ተጥሏል፤ ጋዜጦቹም አልተመለሱም።

ከ2000 እስከ 2006 ዓ.ም.

ከ1998 ዓ.ም. በኋላ ባዶውን ቦታ የሞሉት አዳዲስ ሳምንታዊ ጋዜጦችም ዕድሜያቸው አጭር ሆነ።

• አዲስ ነገር፦ በ2000 ዓ.ም. የተጀመረ ሲሆን፣ በፖለቲካ ትንተናው ይታወቅ ነበር። አዘጋጆቹ በፀረ ሽብርተኝነት አዋጁ ልንከሰስ ነው የሚል ሥጋት ስላደረባቸው በኅዳር 2002 ዓ.ም. ጋዜጣውን ዘግተው ከአገር ወጡ።

• አውራምባ ታይምስ፦ በ1998 ዓ.ም. ታስሮ በነበረው በዳዊት ከበደ የተመሠረተ ነው። ምክትል ዋና አዘጋጁ ውብሸት ታዬ በሰኔ 2003 ዓ.ም. ታሰረ። ጋዜጣው በኅዳር 2004 ዓ.ም. ኅትመቱን ሲያቆም ዳዊት ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ ስሙም በኢንተርኔት ቀጥሏል። ውብሸት የተፈታው በ2010 ዓ.ም. ነው።

• ፍትሕ፦ ዋና አዘጋጁ ተመስገን ደሳለኝ ነበር። በሐምሌ 2004 ዓ.ም. ስለ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጤንነት የሚያትት ዘገባ የያዘው እትም 30,000 ቅጂ ታትሞ ሳለ እንዳይሠራጭ ተከለከለ። የጠቅላይ ሚኒስትሩ ሞት በይፋ የተነገረው ነሐሴ 15 ቀን ነበር። ፍትሕ ከታገደ በኋላ ተመስገን በሌሎች ኅትመቶች መጻፉን ቢቀጥልም በ2007 ዓ.ም. በቀድሞ ጽሑፎቹ የሦስት ዓመት እስራት ተፈረደበት።

በ2006 ዓ.ም. ክረምት የፍትሕ ሚኒስቴር በአፍሮ ታይምስ ጋዜጣና በአዲስ ጉዳይ፣ በዕንቁ፣ በፋክት፣ በጃኖና በሎሚ መጽሔቶች ላይ ክስ መመሥረቱን አስታወቀ። ኅትመታቸው ቆመ፤ በርካታ ሠራተኞቻቸውም ተሰደዱ።

የመቋረጥ ምክንያቶች

ጋዜጦቹ የቆሙባቸው ምክንያቶች ብዙ ጊዜ ተደራርበው የሚመጡ ናቸው።

የመጀመሪያው የሥርዓት ለውጥ ነው። የመንግሥት ወይም የፓርቲ ልሳን የሆነ ጋዜጣ ባለቤቱ ሲወድቅ አብሮት ይወድቃል፤ የቄሣር መንግሥት መልእክተኛና ሠርቶ አደር ለዚህ ምሳሌ ናቸው። ሁለተኛው ክስና እስር ነው። የግል ጋዜጦች አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ሰዎች ጉልበት የሚንቀሳቀሱ ስለነበሩ ዋና አዘጋጁ ሲታሰር የሚተካው አይገኝም ነበር።

ሦስተኛው ማተሚያ ቤት ነው። የጋዜጣ ኅትመት በብዛት የሚሠራው በመንግሥቱ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በመሆኑ፣ ማተሚያ ቤቱ አላትምም ካለ አሳታሚው ሌላ አማራጭ እምብዛም የለውም። በ2004 ዓ.ም. ማተሚያ ቤቱ ሕግ ይጥሳል ብሎ ያሰበውን ጽሑፍ ላለማተም የሚያስችለው አንቀጽ ያለበት የውል ሰነድ ለአሳታሚዎች ማቅረቡ ከፍተኛ ተቃውሞ አስነሥቶ ነበር።

አራተኛው ገንዘብ ነው። ወረቀቱ ከውጭ ስለሚገባ ዋጋው ከውጭ ምንዛሪ ጋር ይወጣል ይወርዳል። ማስታወቂያ ሰጪ ድርጅቶች ተቺ ከሆነ ጋዜጣ ጋር ስማቸው እንዳይነሣ ይሸሻሉ። በአዲስ አበባ በተለይም በአራት ኪሎ አካባቢ የተለመደው የጋዜጣ ኪራይ ደግሞ ሌላ ገጽታ ነበረው፤ አንባቢው ለአዟሪው ጥቂት ሳንቲም ከፍሎ በመንገዱ ዳር አንብቦ ይመልሳል። ስለዚህ አንድ ቅጂ በብዙ ሰው ቢነበብም ለአሳታሚው የሚደርሰው የአንድ ቅጂ ዋጋ ብቻ ነው።

ስያሜን በተመለከተ

ተመሳሳይ ስሞች አንባቢን ሊያሳስቱ ይችላሉ። ብርሃንና ሰላም ጋዜጣው ቢቀርም ማተሚያ ቤቱ እስከ ዛሬ በዚያው ስም ይሠራል። ጦቢያ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብ ወለድ ርዕስም ነው። ኢትዮጵና ኢትዮጲስ የተለያዩ ጋዜጦች ናቸው። ከ2010 ዓ.ም. የፖለቲካ ለውጥ በኋላ እስክንድር ነጋ ኢትዮጲስን፣ ተመስገን ደሳለኝ ደግሞ ፍትሕን በመጽሔት መልክ እንደገና ስላወጡ፣ እነዚህን ስሞች የሚጠቅስ ሰው የትኛውን ዘመን ማለቱ እንደሆነ ዓመቱን መግለጽ ይኖርበታል።

የቅጂዎች አያያዝ

የቆዩ ጋዜጦች ስብስብ በኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት (ወመዘክር) እና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ይገኛል። ከእነዚህ ውጭ ያለው ቅጂ በብዛት ጠፍቷል፤ ያነበቡት ጋዜጣ የሱቅ ዕቃ መጠቅለያ ወይም የጭቃ ቤት ግድግዳ መለጠፊያ ይሆን ነበርና። ጽሕፈት ቤታቸው ተፈትሾ ሰነዳቸው የተወሰደባቸው ወይም ባለቤቶቻቸው የተሰደዱባቸው የግል ጋዜጦች የራሳቸውን ሙሉ ጥራዝ የማቆየት ዕድል አልነበራቸውም። በመሆኑም የ1985–1998 ዓ.ም. ዘመን የግል ጋዜጦች ቁጥራቸው ብዙ ቢሆንም፣ ለጥናት ተሟልተው ከሚገኙት ይልቅ የተበታተኑት ይበልጣሉ። የዘመኑን ታሪክ በመንግሥት ጋዜጦች ብቻ ማጥናት የክርክሩን አንድ ወገን ብቻ መስማት ስለሚሆን፣ ተመራማሪዎች በግለሰቦች እጅ የቀሩትን ቅጂዎች ጭምር ይፈልጋሉ።