የቆጠበ ይቀጣልን?

እዚህ ሎንዶን ደብዳቤ ይዞ ቤቴን የሚያንኳኳ ወገን አይጠፋም። እንግሊዝኛውን ማንበብ አቅቶት አይደለም፤ ያነበበውን ማመን አቅቶት ነው። ከእነዚህ አንዱ በአንድ ድርጅት ወጥ ቤት 14 ዓመት ያገለገለ የ46 ዓመት ጎልማሳ ነበር። ድርጅቱ ሠራተኛ ሲቀንስ እርሱም ተቀነሰ። የሳምንት ደመወዙ 500 ፓውንድ ስለነበር፣ በሕጉ ስሌት የ16 ሳምንት ተኩል ክፍያ፣ ማለትም 8,250 ፓውንድ ይዞ ተሰናበተ። ሚስቱ ከዕቁብ የደረሳትና ባልና ሚስቱ ለክፉ ቀን ያስቀመጡት ሲደመር ደግሞ 9,000 ፓውንድ ነበራቸው። ሁለት ልጆች ያሳድጋሉ፤ የሚኖሩትም በኪራይ ቤት ነው። ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚባለውን የመንግሥት ድጎማ ቢያመለክቱ፣ ገንዘባቸው ከ16,000 ፓውንድ ስለሚበልጥ ምንም እንደማይገባቸው የሚገልጽ መልስ ደረሳቸው።

«ጋሼ» አለኝ፣ «አብሮኝ የተቀነሰው ባልደረባዬ ልክ እንደ እኔ ተከፍሎታል። እርሱ ሳንቲም አላስቀመጠምና ይረዱታል። ታዲያ እኔ የተቀጣሁት በመቆጠቤ ነው?»

ጥያቄው የእርሱ ብቻ አይደለም። እንግሊዞች ራሳቸው መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ሲጨቃጨቁበት የኖሩበት ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዚህ አገር ለሥራ አጥ የሚሰጠው ገንዘብ ከጥንትም ሁለት ምንጭ አለው። አንደኛው በ1911 የተጀመረው መድን ነው፤ ሠራተኛው ከደመወዙ ያዋጣል፣ ሥራ ሲያጣ ያዋጣው መብት ይሆንለታል፣ ኪሱን የሚፈትሽ የለም። ሁለተኛው የድኻ መርጃ ነው፤ እርሱ ከመስጠቱ በፊት «ምን አለህ?» ብሎ ይጠይቃል። የታሪኩ ቁም ነገር የትኛው የትኛውን ዋጠው የሚለው ነው።

በ1931 የኢኮኖሚው ቀውስ ሲበረታ፣ በራምሴይ ማክዶናልድ የሚመራው ጥምር መንግሥት የሥራ አጦችን አበል በ10 በመቶ ቀነሰ። 26 ሳምንት የመድን አበል የወሰደ ሰው ከዚያ በኋላ የሚረዳው የቤተ ሰቡ ሀብት ተመርምሮ እንዲሆንም ወሰነ። ይህ ነው «ሚንስ ቴስት» የተባለው። መርማሪው ቤት ድረስ ይመጣል። የአባት ቁጠባ፣ የልጅ ደመወዝ፣ የአያት ጡረታ ሁሉ በአንድ ማዕድ ተቆጥሮ ከአበሉ ይቀነሳል። ሥራ የያዘው ልጅ የአባቱን አበል ላለማስቀነስ ሲል ከቤት ይወጣ ጀመር። ጆርጅ ኦርዌል በ1937 ባሳተመው መጽሐፉ የዚህ ምርመራ የከፋ ጭካኔው ቤተ ሰብ መበተኑ እንደሆነ መስክሯል።

ሕዝቡም ዝም አላለም። በ1932 ሥራ አጦች ምርመራው እንዲቀር አንድ ሚሊዮን የሚደርስ ፊርማ አሰባስበው በእግር ወደ ሎንዶን ተመሙ። በ1935 መጀመሪያ አዲስ የአበል ተመን ሲወጣ ደቡብ ዌልስ በሰልፍ ተናወጠ፤ መንግሥትም በወሩ ተመኑን ለማገድ ተገደደ። በመጨረሻ በ1941፣ በጦርነቱ መካከል፣ የልጅና የአያት ገቢ የሚቆጠርበት አሠራር ቀረ። የባልና የሚስት ሀብት ግን እንደ አንድ መቆጠሩ አልቀረም። የወዳጄ ሚስት ዕቁብ ከእርሱ የስንብት ክፍያ ጋር የተደመረው በዚሁ ቅሪት ነው።

በ1942 ዊልያም ቤቨሪጅ ያቀረበው ዝነኛ ሪፖርት ይህን ቁስል በሚገባ ያውቅ ነበር። ሕዝቡ ምርመራውን የሚጠላው የመንግሥትን ገንዘብ በነጻ ስለሚሻ ሳይሆን፣ ቁጠባን እንደ ጥፋት ስለሚያስቀጣ መሆኑን ተገንዝቧል። መፍትሔውም መድኑን አስፍቶ የድኻ መርጃውን ማጥበብ ነበር። በሐምሌ 1948 ሁለቱም በአዲስ መልክ ሲጀመሩ ተስፋው ይኸው ነበር።

በ1965 የሃሮልድ ዊልሰን መንግሥት ሌላ አሳብ ጨመረ፤ ሠራተኛ በአገልግሎቱ ዘመን በሥራው ላይ አንድ ዓይነት ባለመብትነት ያፈራልና፣ ሲቀነስ ካሣ ይከፈለው የሚል። ክፍያው በዕድሜና በአገልግሎት ዓመት የሚሰላው ስለዚህ ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ አንዱ ሕግ ይህን ገንዘብ ላለፈው ድካም ካሣ ይለዋል፤ ሌላው ሕግ ገንዘቡ ባንክ እንደገባ «ሀብት» ብሎ ይመዘግበዋል።

ከዚያ ወዲህ የሆነው የቤቨሪጅ ተስፋ ተቃራኒ ነው። መድኑ ቀጨጨ፤ በደመወዝ ልክ ይታከል የነበረው አበል በ1982 ቀረ፤ በ1996 ደግሞ የአንድ ዓመቱ የመድን አበል ወደ ስድስት ወር ወረደ። የድኻ መርጃው ግን ሰፋ። በ1980 ከ2,000 ፓውንድ በላይ ያለው እንዳይረዳ ጥብቅ ጣሪያ ተበጀለት። ጣሪያው በየጊዜው ከፍ እያለ በ2006 ወለሉ 6,000፣ ጣሪያው 16,000 ፓውንድ ሆነ። እነሆ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የዳቦውም የኪራዩም ዋጋ ሲወጣ፣ እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ከቦታቸው አልተነቃነቁም። ለብቸኛ ሰውም ለባለ ትዳርም ያው ናቸው።

በወለሉና በጣሪያው መካከል ላለው ደግሞ የሚያስገርም ስሌት አለ። ከ6,000 በላይ ላለው ለእያንዳንዱ 250 ፓውንድ በወር 4.35 ፓውንድ ገቢ እንዳገኘህ ተቆጥሮ ይቀነስብሃል። 15,000 ያለው ቤተ ሰብ በወር 156.60 ፓውንድ ያጣል። በዓመት ሲታሰብ ይህ ከ20 በመቶ በላይ ወለድ ማለት ነው! የትኛው ባንክ ነው ይህን የሚከፍል? «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ማለት ይኼኔ ነው።

ሚዛናዊ ለመሆን ግን የሌላውንም ወገን ቃል ልስማ። ሌሊት ቢሮ እያጸዳች ግብር የምትከፍል እናት «17,000 ፓውንድ ባንክ ያለውን ሰው ስለ ምን እኔ ልርዳው?» ብትል ነውር የለባትም። የሕዝብ ገንዘብ ቅድሚያ ምንም ለሌለው ይድረስ ማለት ፍትሕ ነው። እኔም ወሰን መኖሩን አልቃወምም። የምቃወመው ወሰኑ ዓመታት ሲያልፉ መርሳቱን፣ ቤተ ሰብንና ብቸኛን አለመለየቱን፣ የ14 ዓመት ድካምን ካሣ እንደ ሎተሪ ዕጣ ማየቱን ነው።

ወዳጄን የመከርሁት ይህን ነበር። ካዋጣኸው መድን ለስድስት ወር የሚከፈለውን የሥራ ፈላጊ አበል ቶሎ አመልክት፤ እርሱ ቁጠባ አይጠይቅም። ከቁጠባህ ኪራይህን ክፈል፣ ዕዳህን ዝጋ፤ ይህን ሕጉ ይፈቅዳል። ለዘመድ አሸሽተህ ድኻ ለመምሰል ግን አትሞክር፤ አውቆ የበተነውን ገንዘብ አሁንም በእጁ እንዳለ ይቆጥሩበታልና። ደረሰኞችህን ያዝ፤ ከ16,000 በታች ስትወርድ ተመልሰህ አመልክት።

ብዙም ሳይቆይ ወረደ። ለልጆቹ ትምህርት የታሰበው ዕቁብ በኪራይ አለቀ ማለት ነው። ድጎማው ሲፈቀድለት ሊነግረኝ ደወለ። ደስ ብሎት ነበር ለማለት ግን አልደፍርም። «ከእንግዲህ ዕቁብ እንጣል ወይስ እንተው እያልን ከባለቤቴ ጋር እየተማከርን ነው» አለኝ።

አንድ መንግሥት ዜጋውን «ለነገ አስብ» እያለ ሲያስተምር ኖሮ፣ ነገ በመጣ ዕለት ያሰበውን ካላሰበው በኋላ የሚያሰልፍ ከሆነ፣ ትምህርቱን ራሱ አፈረሰው። በ1931 መርማሪው በር ያንኳኳ ነበር፤ ዛሬ የባንክ መግለጫ ይበቃዋል። ጥያቄው ግን ያው ነው።

ቸር ይግጠመን።