ድኩላው፣ ጨለማውና የቀጥቃጩ ልጅ

እኔ የተወለድኩት እዚሁ እስራኤል ነው፤ አማርኛዬም ግማሹ ከቤት፣ ግማሹ ከመጽሐፍ የተለቀመ ነው፤ ስሳሳት እየሳቃችሁ እለፉኝ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ አደን ነው። ብቻውን ስለወጣ ወጣት፣ ስለ አንድ ድኩላ፣ ከዚያም አዳኙ ከአውሬ ይልቅ ስለፈራው ነገር።

የጀመረው በመጽሐፍ ነው። ለሴሚናር የማነበውን ይዤ አያቴ ቤት ሄጄ ነበር። መጽሐፉ የሃጋር ሰለሞን ነው። በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ናት፤ እዚህ ከገቡ የቤተ እስራኤል ሰዎች ጋር ተነጋግራ፣ በኢትዮጵያ ከክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ጋር እንዴት ይኖሩ እንደነበር ጽፋ በ1999 በእንግሊዝኛ ያወጣችው ነው። አያቴ ሽፋኑን አገላብጠው አዩና «ምን ይላል?» አሉኝ። ትንሽ አፈርኩ።

«‹የጅብ ሰዎች› ይላል፣ አባባ።»

ዝም አሉ። ቡናቸውን ፉት አሉና «ጅብማ እኔም አንድ ሌሊት ልሆን ምንም አልቀረኝም» አሉ። ስልኬን አውጥቼ መቅዳት ጀመርኩ።

ቦታው ወገራ ነው፣ ደጋው አልቆ መሬቱ ወደ ቆላ በሚሰበርበት በኩል። ጊዜው የጃንሆይ ዘመን መጨረሻ፣ ከ1974ቱ አብዮት ጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ እየቆጠርኩ ነው። የአያቴ አባት ቀጥቃጭ ነበሩ። ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያ፣ ቢላዋ ይሠራሉ፤ አያቴ ወናፍ ይነፋሉ። ለምን ቀጥቃጭ ሆኑ ብላችሁ ከጠየቃችሁ፣ መልሱ ሩቅ ነው የሚጀምረው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ይስሐቅ እዚያው ወገራ ላይ ቤተ እስራኤልን ካሸነፉ በኋላ፣ ያልተጠመቀ ርስት አይኖረውም ብለው እንዳወጁ ይነገራል። ጦርነቱ ግን እስከ አፄ ሱስንዮስ፣ እስከ 17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቀጠለ። ርስት የሌለው ሰው ወይ የሰው መሬት በእኩል ያርሳል፣ ወይ በእጁ ሙያ ይኖራል። የእኛ ሰዎች ሁለቱንም ሆኑ። ወንዱ ብረት ቀጠቀጠ፣ ግንብ ገነባ፣ ሸማ ሠራ፤ ሴቷ ሸክላ ሠራች።

እንግዲህ ሐሙስ ቀን ነው። ከሰንበት በኋላ የአያቴን እህት ለጋብቻ ሊጠይቁ ሽማግሎች ይመጣሉ፤ ቤት ውስጥ ደግሞ የሚታረድ የለም። ታላቅ ወንድማቸው ወባ ይዞት ተኝቷል። ስለዚህ አያቴ ብቻቸውን ሄዱ። ጠመንጃው የአንድ ክርስቲያን ጎረቤት ነው፣ ውጅግራ። ይሄ ስም ከየት እንደመጣ ሳውቅ ደስ ብሎኛል፤ «ፉዚል ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ስም ነው። በ1874 ለፈረንሳይ ጦር የወጣ ጠመንጃ ነው፣ አንድ ጥይት ብቻ ነው የሚጎርሰው። ተኩሰህ ከሳትክ፣ ቀለሁን አውጥተህ ሌላ እስክታጎርስ አውሬው ሌላ ወረዳ ገብቷል። ጎረቤትየው ሦስት ጥይት ቆጥረው ሰጧቸው። ስምምነቱ ለተተኮሰች ለእያንዳንዷ ጥይት አንድ ማረሻ በነፃ መሥራት ነው።

ስለ ድኩላ አንድ ነገር ልበል። ትምህርት ቤት በዕብራይስጥ «አያል» ብለው የሚያስተምሩን፣ በአማርኛው ኦሪት «ዋላ» የሚባለው፣ በየዓመቱ ቀንዱን የሚጥለው እንስሳ ኢትዮጵያ ውስጥ የለም። ድኩላ ከአጋዘን ወገን ነው፤ ቀንዱ አይወድቅም፣ ጠምዘዝ ያለና እንደ ጩቤ የሾለ ነው። የደጋው ዘር በሳይንስ መዝገብ ላይ በአፄ ምኒልክ ስም ነው የተጠራው። ከመንጋ ጋር አይሄድም። ቀን ጥሻ ውስጥ ይውልና ሲመሽ ለመብላት ይወጣል፤ ሲደነግጥ እንደ ውሻ ይጮኻል። ለዚህ ነው የድኩላ አደን የምሽት ሥራ የሚሆነው። የቆሰለ ወንድ ድኩላ ደግሞ ሰው ይወጋል።

«ፀሐይ ልትገባ ስትል ከማሽላው ጫፍ ወጣ» አሉ አያቴ። «አነጣጠርኩ፣ ተኮስኩ። ከትከሻው ዝቅ አለብኝ። ዘለለና ገደሉን ቁልቁል ወረደ። እዚያው ቁጭ ብዬ እጄን ነከስኩ።»

እኔ አደኑ እዚህ ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር። መታው፣ ነገ ጠዋት ሄዶ ያመጣዋል። ግን እንደዚያ አይደለም። ሌሊቱን ከሞተ በክት ነው። በክት ደግሞ አይበላም፣ የነካውም እስኪመሽ ድረስ ርኩስ ነው፤ ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 መጨረሻው ላይ አለ። ለአዳኝ የተለየው ትእዛዝ ደግሞ ምዕራፍ 17 ቁጥር 13 ላይ ነው፤ የሚበላ አውሬ ወይም ወፍ አድኖ የያዘ ሰው ደሙን ያፍስስ፣ በአፈርም ይሸፍነው ነው የሚለው። ስለዚህ ጥይት ማቆሚያ ብቻ ነው። ሥጋውን ሥጋ የሚያደርገው ቢላዋ ነው። ድኩላው ነፍሱ ሳትወጣ መድረስ አለባቸው፤ በጨለማ፣ በገደል፣ ብቻቸውን።

«ችቦ ይዘው ነበር?» አልኳቸው።

«ይዣለሁ። አላበራሁትም።»

«ለምን?»

«ትደርሺበታለሽ።»

ደሙን በእጃቸው እየዳሰሱ ወረዱ። ቅጠል ላይ የረጋ ደም ጣት ላይ ይጣበቃል፤ ጤዛ ግን ያንሸራትታል፣ እንደዚያ ነው የለዩት። ሁለት ጊዜ ጠፋባቸው። በሁለተኛው ቆመው ሲያዳምጡ ከታች ከጅረቱ ዳር ትንፋሽ ሰሙ። የወደቀ መስሏቸው ሲጠጉ ተነሥቶ ጭናቸውን ወጋቸው። ይሄንን ሲነግሩኝ ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው አሳዩኝ። ያንን ጠባሳ ልጅ ሆኜ ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ የጦርነት ይመስለኝ ነበር። ቀንዱን በሁለት እጃቸው ይዘው አንገቱን መሬት ላይ ጫኑት፤ ከዚያ አንዱን እጃቸውን አስለቅቀው አባታቸው የቀጠቀጡትን ቢላዋ መዘዙ። ባረኩ፣ አረዱ። ደሙን አፈር እየዛቁ ሸፈኑት። «የእሱ የቱ እንደሆነ የእኔ የቱ እንደሆነ ስለማይታይ ሁሉንም ሸፈንኩት» ብለው ሳቁ።

የሺቫ የተማረ አንድ ጓደኛዬ ይሄን ሲሰማ «ቢታረድም ትሬፋ ነው፣ ጥይቱ ውስጡን ጎድቶታል» አለኝ። በረቢዎቹ ሕግ ልክ ሊሆን ይችላል። ግን የእኛ አያቶች ታልሙድ አልነበራቸውም፣ ኦሪትና ቄሶቻቸው ነበሯቸው፤ በአያቴ መንደር ደግሞ ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር፤ ቢላዋው ሲያርፍበት ነፍስ ነበረው ወይስ አልነበረውም? በጨለማ ቀንድ ይዞ ያንን ለማረጋገጥ የታገለን ሰው ከሶፋ ላይ ሆኜ ልፈርድበት አልፈልግም።

ቆዳውን ገፈፉ፣ ሥጋውን በብልት በብልቱ አወጡት። ያኔ ጅቦቹ መጮህ ጀመሩ። ሥጋውን ተሸክመው ሾላ ዛፍ ላይ ወጡ። ጭንቅላቱ፣ ቆዳውና አንጀቱ ታች ቀረ፤ ጅቦቹ መጥተው ተከፋፈሉት። አያቴ ጭናቸውን በነጠላ አስረው፣ ጠመንጃውን ታቅፈው ከላይ ቁጭ አሉ።

«መንደሩ ምን ያህል ይርቅ ነበር?»

«አንድ ሰዓት ቢሆን ነው።»

«ታዲያ ሁለት ጥይት ነበረዎት፣ ችቦም ነበረዎት። ለምን ወደ ቤት አልሄዱም?»

«መንገዱ በቤተ ክርስቲያኑ ነው የሚያልፈው። በመቃብሩ አጠገብ።» ቀጥለው ደግሞ፣ «ልጄ፣ ጅቡን አልፈራሁም። ጅብ ነው እንዳይሉኝ ነው የፈራሁት።»

ይሄን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው ይባል ነበር። ቀን ብረት ይቀጠቅጣል፣ ሌሊት ጅብ ሆኖ ይወጣል፣ መቃብር ቆፍሮ ይበላል። በእኛ ላይ ብቻ አልነበረም፤ በብዙ ቦታ ክርስቲያኑም እስላሙም ባለ እጅ ይታማ ነበር። ጎንደር አካባቢ ግን ቀጥቃጩ ብዙውን ጊዜ ቤተ እስራኤል ስለነበረ ስሙ እኛ ላይ ተጣበቀ። የሚገርመው፣ የውጭ ሰውም አምኖታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ ውስጥ የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ፣ ተገድለው በተገኙ ጅቦች ጆሮ ላይ ቀጥቃጮቹ የሚያደርጉት ዓይነት የወርቅ ጉትቻ እንደታየ ጽፏል። ጓደኛው ኮፊን ደግሞ ቡዳ የሚባል አሽከሩ ፈቃድ ጠይቆ እንደወጣ ሜዳው ላይ ትልቅ ጅብ ሲሮጥ አየሁ ብሏል። አሽከሩ በማግሥቱ ተመልሶ ሥራውን ገባ። ይሄ ሁሉ የተጻፈው በቁም ነገር ነው።

አሁን አያቴን አስቡት። የቀጥቃጭ ልጅ፣ በሌሊት፣ ብቻውን፣ እስከ ክርኑ ደም በደም ሆኖ፣ ሥጋ ተሸክሞ፣ በመቃብር በኩል ሲመጣ። ችቦውን ያላበሩትም ለዚሁ ነው፤ ገደል ውስጥ የሚንቀሳቀስ እሳት ከላይኛው መንደር ይታያል። በዚያ ሳምንት አንድ ሕፃን ቢታመም፣ «ማን ነበር ያን ሌሊት ሲዞር የነበረው?» ይባላል። ከዚያ በኋላ ማንም አይጠይቅም፣ እናንተም አታስረዱም።

ወንድሜ ማታ ከሥራ ሲመለስ የሹራቡን ኮፍያ ከራሱ ላይ ያወርዳል፣ ክረምትም ቢሆን። ሁለቱ አንድ ናቸው እያልኩ አይደለም፤ አንድ አይደሉም። አያቴ ሲነግሩኝ ግን ትዝ ያለኝ እሱ ነው።

ሲነጋ ወረዱ፣ ጅረቱ ውስጥ ገብተው ታጠቡ፣ ልብሳቸውን አጠቡ፣ እርጥቡን ለበሱት። ፀሐይ እስክትወጣ ጠበቁና ሰው ሁሉ በሚያያቸው በዋናው መንገድ ሄዱ። ውሃ ከሚቀዱት ሴቶች ጋር እየቆሙ ሰላምታ ተለዋወጡ፤ «ድኩላ ገደልኩ» እያሉ፣ ሳይጠየቁ። ዓርብ ስለሆነ ቤት ሁሉም ለሰንበት ይጣደፋል። እናታቸው መጀመሪያ ያዩት ጭናቸውን ነው፣ ሥጋውን አይደለም።

እሑድ ጠመንጃውን ሊመልሱ ሄዱ። ሰውዬው ሥጋውን አይበሉም፤ ክርስቲያኑ የእኛን እርድ አይበላም፣ እኛም የእነሱን። ድግስ ሲኖር እንኳ ለእኛ ሰዎች በጉ በነፍሱ ይሰጥና ራሳቸው ያርዱት ነበር። ስለዚህ ድርሻቸው ቀንዱና ቆዳው ነው።

«‹ቀንዱስ?› አሉኝ። ‹ጅብ ወሰደው› አልኳቸው። ጅብ ስል ቀና ብለው አዩኝ።»

«ከዚያስ?»

«ምንም አላሉም። ማረሻቸውን ሠራንላቸው። ጥሩ ሰው ነበሩ፤ አባቴ ሲሞቱ መጥተው አልቅሰዋል። ጠመንጃውን ግን ሁለተኛ አላዋሱኝም።»

ሽምግልናው እንዴት ሆነ ትሉ ይሆናል። ድኩላው ተበላ፣ ልጅቱም ተሰጠች። አያቴ በ1991 በዘመቻ ሰለሞን እዚህ ሲገቡ ያቺ እህታቸው እዚያው አውሮፕላን ውስጥ ነበረች።

በሌላ ሳምንት ኢየሩሳሌም ወዳለው የሚዳቋ ሸለቆ፣ ወደ «ኤሜክ ሃጽቫይም» ወሰድኳቸው። በ2015 የተከፈተ መናፈሻ ነው፣ መኪናና ሕንፃ በከበበው መሬት ላይ ሚዳቋዎች ይሰማራሉ። እዚህ አገር በ1955 በወጣው የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግ ምክንያት ማንም አይተኩስባቸውም። አያቴ አጥሩ አጠገብ ቆመው፣ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ቆጠሯቸው። ሊመሽ ሲል ወደ እኔ ዞሩ።

«ሌሊት የሚበላቸው የለም?»

«ቀበሮና ውሻ ያስቸግሯቸዋል፣ አባባ።»

«ጅብስ?»

«ጅብም አለ። ኢየሩሳሌም ዙሪያ ተራራው ላይ አለ፣ የዚህ አገሩ ሸንተረር ያለው ነው። እሱም በሕግ የተጠበቀ ነው።»

«ጅብ? በሕግ?» አሉና እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። አውቶቡስ ውስጥም ትዝ እያላቸው ይስቁ ነበር።

ለዛሬ በዚሁ አበቃሁ። አያት ያላችሁ ስልካችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ ሂዱ፤ የእኔ መሃል ላይ ሊጠፋብኝ ነበር። ደህና ሁኑ።