ማሽኑ የሚያይበት መዝገብ፤ የኤሌክትሮኒክስ ኮምፖነንት የዕይታ መረጃ አሞላል

የተበላሸ ሬዲዮ ወይም ሞባይል ተከፍቶ ያየ ሰው በአረንጓዴው ሰሌዳ ላይ የተሰደሩትን የአሸዋ ቅንጣት የሚያህሉ ኮምፖነንቶች ሳያስተውል አይቀርም፡፡ እነዚህን በሺህ የሚቆጠሩ ቅንጣቶች በእጅ መደርደር የማይታሰብ ነው፡፡ ሥራው የሚከናወነው ኮምፖነንቱን ከጥቅልሉ ላይ በአየር መጥጦ በሚያነሳ፣ ከሥር በካሜራ ፎቶ በሚያነሳና ስታኞ በተቀባው ቦታ ላይ በሚያስቀምጥ ማሽን ነው፡፡ የሕግ ሰው ይህ ምን አገባው የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል፡፡ ያገባኝ በአንድ የውል ክርክር ምክንያት ነው፤ ወደ እርሱ እመጣለሁ፡፡

ማሽን የሚሸጡ ኩባንያዎች ስለ ካሜራቸው ጥራት ብዙ ይነግሩናል፡፡ ስለ መዝገቡ ግን የሚናገር ጥቂት ነው፡፡ ካሜራው ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ያ ጥላ ሬዚስተር ይሁን የተሰበረ ፕላስቲክ የሚወሰነው ሰው አስቀድሞ በሞላው የኮምፖነንት መረጃ ነው፡፡ መዝገቡ የአካሉን ርዝመትና ስፋት፣ ቁመቱን፣ የእግሮቹን ብዛት፣ ከእግር እስከ እግር ያለውን ርቀት፣ የሚያነሳውን ኖዝል፣ የመብራቱን ዓይነትና የሚፈቀደውን ልዩነት ይይዛል፡፡ ማሽኑ ፎቶውን ከዚህ ጋር አመሳክሮ ያነሳው ዕቃ የታዘዘው መሆኑን፣ ከኖዝሉ መሃል ምን ያህል ፈቀቅ ማለቱንና በስንት ዲግሪ መዞሩን ያሰላል፤ የሚስተካከለውን አስተካክሎ ያስቀምጣል፣ ያልመሰለውን ይጥላል፡፡

ስህተት የሚጀምረው ከስም ነው፡፡ በኢንች አጠራር 0603 የሚባለው ኮምፖነንት 1.6 በ0.8 ሚሊ ሜትር ነው፡፡ በሜትሪክ አጠራር 0603 የሚባለው ደግሞ 0.6 በ0.3 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የዚህኛው የኢንች ስሙ 0201 ነው፡፡ 0402ም እንደዚሁ በኢንች 1.0 በ0.5፣ በሜትሪክ 0.4 በ0.2 ሚሊ ሜትር ነው፡፡ አንድ ቃል በአንድ አዋጅ ውስጥ ሁለት ትርጓሜ ሲይዝ ምን እንደሚከተል ችሎት የዋለ ሁሉ ያውቀዋል፡፡ ስለዚህ በመዝገቡ ስም ላይ የትኛው አጠራር እንደሆነ አብሮ መጻፍ አለበት፡፡

ቀጥሎ ልኬቱ ይመጣል፡፡ የአምራቹ ዝርዝር ሰነድ ለእያንዳንዱ ልኬት ዝቅተኛ፣ መደበኛና ከፍተኛ ቁጥር ይሰጣል፡፡ ለምሳሌ ባለ 8 እግሩን ኤስኦአይሲ እንውሰድ፡፡ አካሉ 4.9 በ3.9 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ እግሮቹ ሲጨመሩ ግን ስፋቱ ወደ 6.0 ይደርሳል፤ ከእግር እስከ እግር 1.27 ሚሊ ሜትር ነው፡፡ ጀማሪ ሰው 3.9ን ስፋት ብሎ ሞልቶ ያልፋል፡፡ ከሥር ብርሃን ሲበራበት ጥቁሩ ፕላስቲክ ብርሃኑን ይውጠዋል፣ የሚያበራው የእግሩ ብረት ነው፤ ማሽኑ የሚለካውም እርሱን ነው፡፡ እንግዲህ የተጻፈው አንድ፣ የሚታየው ሌላ ይሆናል፡፡ ሰነዱን ካነበቡ በኋላ ካሊፐር አንስቶ ከጥቅልሉ ላይ 5 ወይም 10 ፍሬ መለካት የሚጠቅመው ለዚህ ነው፡፡

ቁመት በፎቶ ላይ አይታይም ተብሎ ችላ ሲባል ይስተዋላል፡፡ ሆኖም ኖዝሉ ምን ያህል እንደሚወርድ የሚወስነው ይህ ቁጥር ነው፡፡ ከእውነተኛው ካነሰ ኖዝሉ ዕቃውን ሰሌዳው ላይ ይጫነዋል፤ ከበዛ ደግሞ ሳይነካ ከላይ ይለቀዋል፣ ዕቃውም ይንሸራተታል፡፡ መጫኑ የባሰ ነው፡፡ የሴራሚክ ካፓሲተር ውስጥ ለውስጥ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ የተሰነጠቀውም የፋብሪካውን ፍተሻ አልፎ፣ ወራት ቆይቶ፣ በደንበኛው እጅ ላይ ሊበላሽ ይችላል፡፡ ያ ካፓሲተር የተቀመጠው የሕሙማን መከታተያ መሣሪያ ውስጥ ከሆነ ጉዳቱን አንባቢ ይገምተው፡፡

ስለ መብራት በአጭሩ፡፡ ጥላን ብቻ ለማየት ከጀርባ፣ የብረት እግርን ለማየት ከፊት፣ ከሆዳቸው ሥር የስታኞ ኳስ ለተደረደረባቸው ደግሞ ዝቅ ካለ ማዕዘን ከጎን ማብራት የተለመደ ነው፡፡ አንድ ነገር ግን ልብ ይሏል፡፡ የአውሮፓ ኅብረት እርሳስን በአብዛኛው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ላይ የከለከለው መመሪያ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2006 ጀምሮ ሲፀና የእግሮቹ ልባጥና የኳሶቹ ቅይጥ ተለወጠ፡፡ እርሳስ የሌለበት ኳስ ደብዘዝ ብሎ ሊታይ ስለሚችል ለአንፀባራቂው ተብሎ የተስተካከለ ብርሃን ለርሱ ላይሠራ ይችላል፡፡ አንድ ዓይነት ዕቃ ከሁለት አምራች ከተገዛም ሁለቱም በየራሳቸው መዝገብ ቢሞከሩ ይመረጣል፡፡

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፤ የሚፈቀደው ልዩነት ወደሚባለው፡፡ የትኛውም ዕቃ ከወንድሙ ጋር ፍጹም እኩል አይደለም፡፡ ባለ 1.0 ሚሊ ሜትሩ ካፓሲተር እንደ ዓይነቱ የ0.05፣ የ0.1 ወይም የ0.2 ሚሊ ሜትር ልዩነት ይፈቀድለታል፡፡ መዝገቡ ላይ ይህን ካጠበብነው ማሽኑ ደህናውን ዕቃ ይጥላል፡፡ ካሰፋነው የተጣመመ እግር ያለውን ያሳልፋል፡፡ ከእግር እስከ እግር 0.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ባለው ዕቃ ላይ 0.2 ሚሊ ሜትር የተጣመመ እግር ከጎረቤቱ ጋር ተበይዶ ሊገኝ ይችላል፡፡

በተግባር የሚሆነው እንዲህ ነው፡፡ በሌሊት ፈረቃ የሚጣለው ይበዛል፣ መስመሩ በየደቂቃው ይቆማል፣ አለቃ ይቆጣል፡፡ ኦፕሬተሩ ልዩነቱን ከፍ ያደርገዋል፤ ማሽኑም ዝም ይላል፡፡ ጠዋት ሪፖርቱ ያማረ ነው፡፡ እኔ ይህን ወንጀለኛ በዛ ተብሎ የወንጀል ሕጉን ከማላላት ለይቼ አላየውም፡፡ መቅደም ያለበት ጥያቄ ለምን በዛ የሚለው ነው፤ ኖዝሉ ቆሽሾ ይሆን? መጋቢው ዕቃውን ከቦታው ፈቀቅ አድርጎ እያቀረበ ይሆን? የካሜራው መስተዋት አቧራ ይዞ ይሆን? የአዲሱ ጥቅልል አምራች ሌላ ይሆን? እነዚህ ሁሉ ታይተው ካለቁ በኋላ ብቻ ነው ቁጥሩ የሚነካው፤ እርሱም በልኬት ተደግፎ፡፡

የተናገርኩት ክርክር የመነጨው ከሌላ አምድ ነው፤ ከአቅጣጫ፡፡ ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ደንበኛዬ በውጭ አገር ያሠራቸው የመቆጣጠሪያ ሰሌዳዎች መጥተው አንዳቸውም አልሠሩም፡፡ አንዲት ዳዮድ በሁሉም ላይ ተገልብጣ ተቀምጣለች፡፡ አምራቹ "ማሽኑ በካሜራ ያያል፣ ሊሳሳት አይችልም" ብሎ ጻፈልን፡፡ ባለሙያ ስናማክር እውነቱ ወጣ፡፡ የዳዮዷን አቅጣጫ የሚያሳየው መስመር የታተመው ከላይ በጀርባዋ ላይ ነው፤ ካሜራው የሚያየው ከሥር ነው፡፡ ከሥር ደግሞ ሁለቱ ጫፎች አንድ ዓይነት ናቸው፤ 180 ዲግሪ ብትዞር ለካሜራው ያው ናት፡፡ አቅጣጫውን የሚያውቀው መዝገቡ ብቻ ነው፤ እርሱም ዕቃው በጥቅልሉ ውስጥ እንዴት እንደተኛ የሚገልጸው ማዕዘን በትክክል ሲሞላ፡፡ እዚያ ላይ 180 መሆን የነበረበት 0 ተብሎ ነበር፡፡

ነገሩን የሚያወሳስበው "ዜሮ ዲግሪ" የሚባለው ራሱ አንድ አለመሆኑ ነው፡፡ የአቅጣጫ መስፈርቱ ሁለት ደረጃ አስቀምጧል፡፡ በደረጃ ኤ የመጀመሪያው እግር ከላይ በግራ፣ በደረጃ ቢ ከታች በግራ ይሆናል፡፡ ንድፍ ሠሪው በአንዱ፣ የማሽኑ ላይብረሪ በሌላው ቢሄዱ በመካከል 90 ዲግሪ ይጠፋል፤ ሁለቱም ግን በመስፈርቱ ነው የሠሩት፡፡

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ ላይ ሕግ ነው ይላል፡፡ የደንበኛዬ ውል ግን "በንድፉ መሠረት" ከማለት በቀር ስለ ዜሮ ዲግሪ አንዲት ቃል አልነበረውም፡፡ ጉዳዩ በድርድር አለቀ፤ አምራቹ ዳዮዷን በራሱ ወጪ ለወጠ፣ ማጓጓዣውን ደንበኛዬ ቻለ፡፡

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ዓይነት ውል ሲመጣልኝ ሦስት ነገር በአባሪነት እጠይቃለሁ፡፡ አንደኛ፣ የዜሮ ዲግሪው ደረጃ በግልጽ ይጻፍ፡፡ ሁለተኛ፣ አቅጣጫ ያለው እያንዳንዱ ዕቃ በመጀመሪያው ሰሌዳ ላይ በሰው ዓይን ታይቶ፣ ከላይ ፎቶ ተነስቶ፣ ተፈርሞበት ይላክ፤ የቀረው ምርት ከዚያ በፊት አይቀጥል፡፡ ሦስተኛ፣ መዝገቡን የመለወጥ ሥልጣን በይለፍ ቃል ለተወሰኑ ሰዎች ይሰጥ፤ ማን፣ መቼ፣ ከስንት ወደ ስንት እንደለወጠ ይመዝገብ፡፡ አምራቾች ሁለቱን ያለ ብዙ ክርክር ይቀበላሉ፡፡ ሦስተኛው ላይ ግን ሁልጊዜ ያንገራግራሉ፡፡