በእርግብግቢት በኩል፦ የሕፃናትን አንጎል የማየት ታሪክ



ሕፃን ይዞ ወደ ካምፑ ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው ነርሷ በልጁ ራስ ዙሪያ ሜትር ስትጠመጥም ሳያይ አይቀርም። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ግን ትልቅ ቁም ነገር አለው። በጊዜው የተወለደ ሕፃን የራሱ ዙሪያ 35 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ ዓመት ሲሞላው ወደ 46 ይደርሳል። ከዚህ እጅግ ፈጥኖ የሚያድግ ራስ በውስጡ ውሃ እየተጠራቀመ መሆኑን ሊያመለክት ይችላል። ሐኪሞች ሃይድሮሴፋለስ ይሉታል። በሰፈር ግን ስሙ ብዙ ነው፤ አንዱ ቡዳ ይላል፣ ሌላው እርግማን፣ ልጁም እቤት ተደብቆ ይቀራል። እኛም በዚህ እትም ሰው የሕፃንን አንጎል ሳይከፍት ማየት የቻለው እንዴት እንደሆነ ልንጽፍ ወደድን። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በአንጎላችን መካከል ጓዳ የመሰሉ ክፍተቶች አሉ። በውስጣቸው ንጹህ ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ይመነጫል፤ በአዋቂ ሰው በቀን ግማሽ ሊትር ገደማ ይሆናል። ፈሳሹ በጠባብ መተላለፊያ ወርዶ አንጎልን ከውጭ ከከበበ በኋላ ወደ ደም ይመለሳል። መተላለፊያው ከተዘጋ ውሃው ጓዳዎቹን እየነፋ አንጎልን ወደ ራስ ቅሉ ይገፋዋል። የሕፃን ራስ ቅል ገና ስላልገጠመ ራሱ አብሮ ያብጣል።

ሮንትገን በ1895 ጀርመን አገር ራጅን ሲያገኝ ዓለም ጉድ አለ። ነገር ግን ራጅ አጥንትን እንጂ አንጎልን አያሳይም፤ አንጎሉም ውሃውም በፊልሙ ላይ አንድ ዓይነት ጥላ ናቸው። ያበጠ ራስ ያለው ልጅ ራጅ ቢነሳ የሚታየው ያበጠ የራስ ቅል ብቻ ነው፤ ይህን ደግሞ እናትየዋ በዓይኗ አይታዋለች።

መላ የመታው በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ቀዶ ሐኪም ዋልተር ዳንዲ ነው። ዳንዲ ቀደም ሲል ብላክፋን ከተባለ የሕፃናት ሐኪም ጋር ሆኖ ውሃው የሚጠራቀመው መንገዱ ሲዘጋ መሆኑን በቀለም ሞክሮ አሳይቶ ነበር። አለቃው ሃልስተድ ደግሞ በሆድ ራጅ ላይ የአንጀት አየር ጎልቶ ጠቁሮ እንደሚታይ ደጋግሞ ያነሳ ነበር። ታዲያ ዳንዲ፣ አየር ሆድ ውስጥ እንዲህ ከታየ ጭንቅላት ውስጥስ ለምን አይታይም ብሎ አሰበ። በ1918 ባሳተመው ጽሑፍ ያደረገውን ገለጸ። መርፌውን በሕፃኑ እርግብግቢት በኩል አስገብቶ ከጓዳው ውሃ ቀዳ፤ በቀዳው ምትክ አየር ሞላ፤ ከዚያ ራጅ አነሳ። አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ የልጁን ራስ እያገላበጡ ሲያነሱት የጓዳው ቅርጽ በሙሉ ወጣ። የሕያው ልጅ አንጎል ውስጡ እንዲህ ሲታይ የመጀመሪያው ነበር ማለት ይቻላል።

እርግብግቢት ስንል አንባቢ ያውቀዋል፤ አያቶቻችን ቅቤ የሚያደርጉበት፣ ሕፃን ሲያለቅስ የሚርገበገበው ስስ ቦታ ነው። ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ይገጥማል። ይህችን ቦታ ያዙልን፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

በዓመቱ ዳንዲ አየሩን በወገብ በኩል የሚያስገባበትን ዘዴ ጨመረ። እስከ 1970ዎቹ ድረስ ሐኪሞች በዚህ ሲጠቀሙ ቆዩ፤ ግን ስቃይ ነበረው። ምርመራው ከባድ ራስ ምታትና ትውከት ያመጣል። ልጁን ለማየት ልጁን ማሰቃየት ግድ ነበር ማለት ነው። እኛ ዳንዲን አንወቅስም፤ በዘመኑ ሌላ መንገድ አልነበረውም።

ችግሩን ካዩ በኋላስ ምን ይደረግ? እስከ 1950ዎቹ ሐኪሞች የሞከሩት ቀዶ ሕክምና አብዛኛው አልተሳካም። ለውጥ ያመጣው ጆን ሆልተር የሚባል አሜሪካዊ የቁልፍ ፋብሪካ ሠራተኛ ነው። በ1955 የተወለደው ልጁ የጀርባ አከርካሪው ሳይገጥም ተወልዶ ውሃ ራሱ ላይ ተጠራቀመ። አባትየው ውሃውን ወደ ታች የሚያሳልፍ፣ ደም ግን ወደ ላይ እንዳይመለስ የሚከለክል ትንሽ ቫልቭ ከሲሊኮን ሠራ። የገዛ ልጁን ሊያተርፈው አልቻለም፤ የብዙ ሰው ልጆች ግን ዳኑበት። ከራስ ወደ ሆድ በቆዳ ሥር የሚወርደው ይህ ቱቦ ሻንት ይባላል። መምህራን ልብ በሉልን፦ ሻንት ሊዘጋ ይችላል። ሻንት ያለው ተማሪ ራሱን አሞት ካስመለሰውና ድብት ካለው ነገን ሳይጠብቅ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት።

በጥቅምት 1971 ለንደን ውስጥ የመጀመሪያው ታካሚ በሲቲ ስካን ታየ። ማሽኑን የሠራው ሃውንስፊልድ ነው፤ በ1979 ኖቤል ሲሸለም የተካፈለው ኮርማክ የተወለደው በደቡብ አፍሪካ ሲሆን ስለ ስሌቱ ማሰብ የጀመረውም ኬፕታውን ሆስፒታል ሲሠራ ነው። በሲቲ ስካን መርፌም አየርም ቀረ። በ1978 ፓፒሌና ባልደረቦቿ በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ክብደታቸው ከአንድ ኪሎ ተኩል በታች ሆነው የተወለዱ 46 ሕፃናትን በሲቲ ስካን ሲመረምሩ በ20ዎቹ ጓዳ ውስጥ ደም ፈሶ አገኙ። ደም ፈሷቸው ከተረፉት መካከል ሰባቱ ከውጭ ምንም ምልክት አልነበራቸውም። ግን ሲቲም የራጅ ጨረር ነው፤ ሲደጋገም ለልጅ ጥሩ አይደለም። ማሽኑም ውድና ከባድ ነው፤ በቀጭን ሕይወት ያለ ሕፃን ከማሞቂያው ወጥቶ ወደ እሱ መወሰድ አለበት።

አሁን ወደ እርግብግቢት እንመለስ። አልትራሳውንድ ድምፅ ልኮ የገደል ማሚቶውን የሚያነብ መሣሪያ ነው፤ በ1950ዎቹ ግላስጎው ውስጥ በብረት ላይ ስንጥቅ ከሚፈልግ የፋብሪካ መሣሪያ ተነስቶ ለእርጉዞች ዋለ። አጥንት ግን ድምፁን ስለሚመልስበት አንጎልን ማየት አስቸጋሪ ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ ሐኪሞች መሣሪያውን የሕፃኑ እርግብግቢት ላይ ሲያሳርፉት አንጎሉ ወለል ብሎ ታየ። ዳንዲ መርፌ ያስገባባት ያችው ቦታ መሆኗ ነው። ጨረር የለ፣ መርፌ የለ፤ እናትየው አቅፋው እንኳ ይታያል። ከሲቲ ያነሰ ዝርዝር ቢያሳይም በእኛ አስተያየት ለድሃ አገር ከሁሉም የበለጠው እርምጃ ይህ ነው።

ፎቶው ስለ ልጁ አእምሮ ምን ይነግረናል? እዚህ ላይ የእንግሊዙ ሐኪም ጆን ሎርበር ታሪክ ይነሳል። ሎርበር በ1971 አከርካሪያቸው ክፉኛ ተጎድቶ የተወለዱ ሕፃናት ሁሉ መታከም የለባቸውም ብሎ ብዙ ያከራከረ ሰው ነው። ከዓመታት በኋላ ግን ያው ሎርበር በሲቲ ስካን ጭንቅላቱ በአብዛኛው ውሃ ሆኖ የታየውን የሼፊልድ ተማሪ ይዞ መጣ፤ ልጁ በሒሳብ በከፍተኛ ማዕረግ የተመረቀ ነበር። ሌሎች ሐኪሞች ሎርበር የአንጎሉን መጠን አሳንሶ ለክቶታል፣ የተገፋ አንጎል ተጨመቀ እንጂ አልጠፋም አሉ። እኛም ተቺዎቹ እውነት ያላቸው ይመስለናል። ተማሪው መመረቁን ግን ማንም አልካደም።

በጎረቤታችን ኡጋንዳ፣ ምባሌ ከተማ፣ ቀዶ ሐኪሙ ቤንጃሚን ዋርፍ ከ2000 ጀምሮ በሕፃናት ሆስፒታል ሲሠራ ከመጡት ልጆች ከግማሽ በላይ በሽታው የያዛቸው ከተወለዱ በኋላ ባገኛቸው የአንጎል ኢንፌክሽን መሆኑን ተመለከተ። ያ ሁሉ እርግማን የተባለው በአብዛኛው ተህዋስ ነበር ማለት ነው። ገጠር ላለ ልጅ ሻንት ሲዘጋ ሆስፒታል ሩቅ ስለሆነ ዋርፍ ካሜራ ባለው ቀጭን መሣሪያ ለውሃው አዲስ መውጫ መክፈትና ውሃ አመንጪውን አካል መተኮስ ጀመረ። በ2017 የታተመ ጥናት 100 የምባሌ ሕፃናትን በሁለት ከፍሎ ሁለቱን ሕክምናዎች አወዳደረ። የአእምሮ እድገታቸው በፈተና፣ የአንጎላቸው መጠን በሲቲ ስካን ተለካ፤ በዓመቱ ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። በ2020 ደግሞ ተመራማሪዎች በብዙዎቹ ሕፃናት ፈሳሽ ውስጥ ፔኒባሲለስ የተባለ፣ እስከዚያ ያልተጠረጠረ ባክቴሪያ አገኙ።

እዚያው ኡጋንዳ፣ ምባራራ ዩኒቨርሲቲ፣ ኢንጂነሮች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር በትናንሽ ማግኔቶች የሚሠራ አነስተኛ ኤም አር አይ በቦታው ገጣጥመዋል። ዓላማው እነዚህኑ ልጆች ያለ ጨረር ማየት ነው። ምስሉ እንደ ትልቁ ማሽን ጥርት ያለ አይደለም፤ ውሃው የት እንደተጠራቀመ ለማወቅ ግን ያን ያህል ጥራት አያስፈልግም።