ትኬቱ የማያሳየው ወጪ፦ የሃን አውሮፕላን ማረፊያ ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ በምዕራብ ጀርመን፣ በሁንስሩክ ደጋማ አካባቢ በሚገኘው የሃን አውሮፕላን ማረፊያ ታሪክ ላይ ያተኩራል። ሃን ትንሽ መንደር ናት። ይሁን እንጂ በአውሮፓ የትኬት ገበያ ለረጅም ዓመታት «ፍራንክፈርት-ሃን» ተብላ ስትጠራ ቆይታለች። ከፍራንክፈርት ከተማ ያላት ርቀት ግን 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የዚህን ርቀት ዋጋ የከፈለው ማን ነው? የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው።

ሥፍራው በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን የአሜሪካ አየር ኃይል የጦር ሰፈር ነበር። ጦሩ እ.ኤ.አ. በ1993 ለቅቆ ሲወጣ አካባቢው ትልቅ የሥራ ምንጭ አጣ፤ በምትኩ የቀረው ረጅም ማኮብኮቢያ ነበር። በዚያው ዓመት መባቻ የአውሮፓ ማኅበረሰብ አዲስ የአቪዬሽን ሕግ ሥራ ላይ በመዋሉ፣ የአባል አገሮች አየር መንገዶች ዋጋቸውንና መስመራቸውን በአብዛኛው በራሳቸው የመወሰን ነፃነት አግኝተው ነበር። የአየርላንዱ ራያንኤር በ1999 ወደ ሃን መብረር የጀመረው በእነዚህ ሁለት ለውጦች መገጣጠም ነው።

የአየር መንገዱ ስሌት ግልጽ ነበር። ባልተጨናነቀ ማረፊያ የሚጠየቀው ክፍያ አነስተኛ ነው፤ አውሮፕላኑም መንገደኞችን አውርዶና ሌሎችን አሳፍሮ በግማሽ ሰዓት ገደማ ተመልሶ መነሣት ይችላል። በቀን የሚያደርገው በረራ በበዛ ቁጥር የእያንዳንዱ መቀመጫ ወጪ ይቀንሳል። የትኬቱ ዋጋ ዝቅ ያለው ግን በዚህ ብልሃት ብቻ አይደለም፤ ከወጪው ከፊሉ ወደ ሌሎች ስለተሸጋገረም ነው።

የመጀመሪያው ከፋይ መንገደኛው ነበር። በዚያው በ1999 በዋናው የፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ የረጅም ርቀት ባቡሮች ጣቢያ ተከፈተ። ሃን ግን የባቡር አገልግሎት አልነበራትም። የአካባቢውን የቀድሞ ሐዲድ አድሶ ለማረፊያው አገልግሎት የማዋል ዕቅድ ለዓመታት ቢነገርም ከፍጻሜ አልደረሰም። ስለዚህ መንገደኛው ሌላ ትኬት ቆርጦ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ በአውቶቡስ ይጓዝ ነበር።

ሁለተኛው ከፋይ ግብር ከፋዩ ሕዝብ ነው። በ2007 ማረፊያው 4 ሚሊዮን ገደማ መንገደኞችን ቢያስተናግድም ትርፋማ መሆን አልቻለም። የፍራንክፈርትን ማረፊያ የሚያስተዳድረው ፍራፖርት በ2009 የሃን ድርሻውን ለራይንላንድ-ፕፋልዝ ክልል መንግሥት በ1 ዩሮ አስረከበ። የኪሳራውም ሸክም ከዋጋው ጋር በአብዛኛው ወደ ክልሉ ካዝና ተሸጋገረ።

በ2017 ራያንኤር ራሱ ከዋናው የፍራንክፈርት ማረፊያ መብረር ጀመረ። በዚያው ዓመት ክልሉ ድርሻውን ለአንድ የቻይና ኩባንያ ሸጠ፤ በጥቅምት 2021 ደግሞ የሃን ማረፊያ ድርጅት ዕዳውን መክፈል እንደተሳነው ለፍርድ ቤት አሳወቀ።

ከዚህ ተነሥተን ርቀት ብቻውን ለውድቀት ይዳርጋል ብንል እንሳሳታለን። ከለንደን መሐል 60 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው ስታንስቴድም የቀድሞ የጦር አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ሆኖም አዲሱ ተርሚናሉ በ1991 ሲከፈት የባቡር መስመርም አብሮት ተዘረጋ፤ ከጀርባውም ሰፊው የለንደን ገበያ ነበረው። ሃን ሁለቱም አልነበሯትም።

የሃንን ታሪክ በኪሳራ ብቻ መመዘንም ተገቢ አይሆንም። ማረፊያው ጦሩ ጥሎት በሄደው አካባቢ የሥራ ዕድል ፈጥሯል፤ በአውሮፕላን ለመጓዝ አቅም ላልነበራቸው ብዙዎችም በር ከፍቷል። ነገር ግን ይህ ጥቅም በስንት የሕዝብ ገንዘብ እንደተገኘ ትኬቱ አይናገርም። የትራንስፖርት ታሪክ ተመራማሪም በትኬቱ ላይ የተጻፈውን ዋጋ ከአውቶቡሱ ክፍያና ከክልሉ በጀት ጋር አስተያይቶ ማንበብ ይኖርበታል።