ቫኪዩም ክሊነር፣ አልነሳ ሲል
የቤት አቧራ መሳቢያ ማሽን ማብሪያው ተጭኖ ዝም ካለ ፍለጋው ከግድግዳው ይጀምራል። በልደታ ኮንዶሚኒየሞች ብሬከር ወርዶ ወይም የካርድ ቆጣሪው ሒሳብ አልቆ ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ሶኬት ሌላ ዕቃ ሰክቶ ማየት ችግሩ የኤሌክትሪኩ ይሁን የማሽኑ ይለያል።

ሲሠራ ቆይቶ በድንገት የቆመ ማሽን ብዙ ጊዜ አልተበላሸም። ከረጢቱ ሲሞላ፣ ማጣሪያው ወይም ቱቦው ሲታፈን ሞተሩ ይግላል፤ የሙቀት መከላከያውም ኤሌክትሪኩን ይቆርጣል። ከሶኬት ነቅሎ ማጽዳትና እስኪበርድ መታገስ ያስነሳዋል።

ዘመድ ከአሜሪካ የላከው የ120 ቮልት ማሽን ግን በእኛ 220 ቮልት ላይ በቀጥታ ከተሰካ ሞተሩ ይቃጠላል። ዋቱን የሚችል ትራንስፎርመር የግድ ነው፤ መለያ ሰሌዳውን ሳያነቡ መሰካት ከባድ ጥፋት ነው።

በመጠቅለያው ውስጥ የተበጠሰ ገመድና ያለቀ የሞተር ካርቦን የባለሙያ ሥራ ናቸው። ካርቦን መቀየር ሞተር ከመግዛት እጅግ ይረክሳል።