የቦሌ ሌሊትና የከለላ ዜማ

የልደታ ማኮብኮቢያ ለጄት አውሮፕላን የማይበቃ ሆኖ ስለተገኘ ቦሌ ላይ አዲስ ማረፊያ ተሠርቶ፣ በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የቦይንግ 720 ጄቶቹን ማብረር ከጀመረ ወዲህ፣ የእርሻና የግጦሽ መሬት የነበረው የአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቃዊ ዳርቻ ኢትዮጵያ ልጆቿን የምትሸኝበትና የምትቀበልበት ደጅ ሆነ። በመጀመሪያ ለትምህርት፣ ኋላም በአብዮቱ ዘመን ለስደት ከአገር ከወጡት ወገኖች ብዙዎቹ በዋሺንግተንና በዙሪያዋ ሰፍረው፣ ቤተ ክርስቲያን ተክለው፣ ልጆች ወልደው አሳደጉ። ታሪኳን ላወሳ የተነሣሁት ከለላ ሚዛነ ክርስቶስም ከዚሁ ትውልድ አብራክ በ1975 ዓ.ም. በዋሺንግተን ተወልዳ፣ በሜሪላንድ ጌይተርስበርግ በምትባል ከተማ ያደገች ዘፋኝ ናት።

ዩኒቨርሲቲ ገብታ ትምህርቷን ሳትፈጽም ወደ ዜማ ያዘነበለችው ይህች ሴት በዋሺንግተን ካፌዎች ጃዝ ስትዘፍን ቆይታ ወደ ሎስ አንጀለስ ተሻገረች፤ በመስከረም 2006 ዓ.ም. «ከት ፎር ሚ» የተባለውን ስብስብ፣ በመስከረም 2010 ዓ.ም. ደግሞ «ቴክ ሚ አፓርት» የተባለውን የመጀመሪያ ሙሉ አልበሟን አወጣች። ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ያህል አዲስ ሥራ ሳታሰማ ዝም አለች። ጥቁሩ ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ እጅ መሞቱ አሜሪካን ባናወጠበት በ2012 ዓ.ም. ግድም፣ አብረዋት ለሚሠሩ ሰዎች ስለ ዘረኝነት የሚያስተምሩ ጽሑፎችና ፊልሞች እየላከች፣ ነገሩን ከልባቸው ሊመረምሩ ካልፈቀዱት ከአንዳንዶቹ ጋር ተለያይታለችና፣ ያ ዝምታ ኅሊናን የማጥሪያ ሱባዔ ነበር ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

ዝምታው የተፈታው በ2015 ዓ.ም. መስከረም መባቻ ነው። የመጀመሪያው ዘፈን ምስል የተቀረጸው በአገራችን በአፋር ምድር፣ ከባሕር ወለል በታች ባለው በደንከል ረባዳ ነበር። የካቲት 3 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ «ሬቨን» የተሰኘው፣ 15 ዘፈኖች ያሉት አልበሟ ታተመ። በሽፋኑ ላይ ፊቷ ከጥቁር ውኃ መካከል ብቅ ብሎ ይታያል፤ ዜማውም በውኃ ጀምሮ፣ አንዱ ዘፈን ወደ ሌላው ሳይቋረጥ እየፈሰሰ፣ በመካከሉ የጭፈራ ቤቱን ከበሮ አንሥቶ፣ በመጨረሻ ወደ ውኃው ይመለሳል። ከለላ ራሷን «ኩዊር» ጥቁር ሴት ብላ የምትጠራ ናት፤ ይኸውም ፍቅር በወንድና በሴት መካከል ብቻ ይወሰን በሚለው ሥርዓት የማትታጠር ማለት ነው። የሌሊቱን ቅርርብ፣ ናፍቆቱን፣ መለያየቱንም የምትዘፍነው ይቅርታ ሳትጠይቅ፣ ሳትሸሽግም ነው። የውጭው ዓለም ተቺዎች አልበሙን አመስግነው በዓመቱ ምርጥ ሥራዎች ዝርዝር ውስጥ አስገቡት።

ከለላ ስለ ሥራዋ ስትናገር፣ የጭፈራ ዜማ ከጥቁሮች የተገኘ ሆኖ ሳለ እርሷን የመሰለች ሴት በዚያው ዜማ ውስጥ እንደ ባዕድ መታየቷ ያሳዘናት መሆኑን ገልጻለች። ቃሏን ታሪክ ይመሰክርለታል። በሎስ አንጀለስ በጴንጤቆስጤ ቤተ ክርስቲያን ሲዘምር ያደገውና የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪነቱን ያልደበቀው ሲልቬስተር፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ዲስኮን በዚያው በመዝሙር ድምፁ ከፍ ከፍ አደረገው። በቺካጎ «ዌርሃውስ» በተባለው ጭፈራ ቤት እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ሸክላ ያጫውት የነበረው ፍራንኪ ነክልስና ታዳሚዎቹ፣ አብዛኞቹ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ የሆኑ ጥቁሮች፣ ዛሬ «ሃውስ» ለሚባለው የሙዚቃ ዓይነት ስሙን ሳይቀር ከዚያ ቤት አወረሱት። በዚያችው ከተማ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1979፣ ወደ 50,000 የሚጠጋ ሕዝብ በተሰበሰበበት የቤዝቦል ሜዳ፣ የዲስኮ ሸክላዎች ተከምረው በፈንጂ ተቃጥለዋል። እነ ፍራንኪ ግን የተቃጠለባቸውን ዜማ በመሣሪያ አድሰው እንደገና ሠሩት፤ ከዚያም ወደ አውሮፓ፣ ወደ ደቡብ አፍሪካም ተሻግሮ በዚያ ለተወለደው የአማፒያኖ ሙዚቃ መነሻ ከሆኑት አንዱ ሆነ።

ወደ ቦሌ የምመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። ቅዳሜ ሌሊት በመድኃኔ ዓለም ካቴድራል አካባቢ፣ ሩዋንዳና ቺቺንያ በሚባሉት ሰፈሮችም የሚጨፍረው ወጣት ሃውስና አማፒያኖ ሲሰማ፣ ሳያውቀው የእነዚያን የተገፉ ሰዎች ርስት ይካፈላል። ከበሮውን በደስታ ተቀብለነዋል፤ ከበሮውን ያስገኘውን ፍቅር ግን ከደጅ አስቀርተነዋል። ከለላን በሚመለከት በአገር ቤት ያስተዋልሁት ምላሽ ዝምታ ነው፤ ከዘር ሐረጋችን የወጣ ሰው በውጭ አገር ስሙ ሲነሣ «የእኛ ነው» ለማለት የማንዘገይ ሰዎች፣ በእርሷ ላይ ሲሆን አንደበታችን ይያዛል።

የዝምታው ምክንያት ስውር አይደለም። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 600፣ ዛሬ የሚሠራበትም የ1996ቱ ሕግ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን በእስራት ያስቀጣሉ። በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. የኦርቶዶክስ፣ የካቶሊክና የፕሮቴስታንት አባቶች በአዲስ አበባ ተሰብስበው ክልከላው በሕገ መንግሥት እንዲጸና ጠየቁ። «ሬቨን» በወጣ በስድስተኛው ወር ገደማ፣ በነሐሴ 2015 ዓ.ም.፣ የአዲስ አበባ ሰላምና ጸጥታ አስተዳደር ቢሮ ይህ ድርጊት ይፈጸምባቸዋል ባላቸው ሆቴሎች፣ መጠጥ ቤቶችና ምግብ ቤቶች ላይ እርምጃ መውሰድ መጀመሩን አስታወቀ፤ ሕዝቡም እንዲጠቁም ተጠየቀ።

ቤተ ክርስቲያን የራሷ ቀኖና እንዳላት አውቃለሁ፣ አከብራለሁም፤ ከአባቶች ጋር የዶግማ ክርክር ልገጥም አልተነሣሁም። ነገር ግን እርስ በርሳቸው «ዜጋ» እየተባባሉ በዚህችው ከተማ በገርጂና በሰሚት፣ በሃያ ሁለትና በሲኤምሲ ተደብቀው የሚኖሩት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ ጎረቤት ይጠቁምብን ይሆን እያሉ በራቸውን ሲዘጉ፣ ሥጋትን የዕለት እንጀራቸው ያደረግንባቸው እኛ መሆናችንን ማስተባበል አንችልም። ለእነርሱ፣ ስሟ እንደ ስማቸው የሆነ፣ ፊቷ እንደ ፊታቸው የሆነ ዘፋኝ ፍቅሯን በአደባባይ ስታዜም መስማት ከመዝናኛ በላይ የሆነ መጽናናት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህንም መጽናናት ማንም ሊነፍጋቸው አይገባም።

ከለላ በበኩሏ ሥራዋን ቀጥላለች። በ2016 ዓ.ም. የ«ሬቨን»ን ዘፈኖች ሌሎች ሙዚቀኞች በየስልታቸው የቀመሩበትን እትም ካወጣች በኋላ፣ በኒው ዮርክ ብሉ ኖት በተባለው የጃዝ ቤት ዘፈኖቿን ያለ ኤሌክትሮኒክ ጋጋታ ተጫውታ፣ በየካቲት 2017 ዓ.ም. «ኢን ዘ ብሉ ላይት» በሚል አልበም አሳትማዋለች፤ ይኸውም በዋሺንግተን ካፌዎች የጀመረችበት የጃዝ ስልት ነው።